የእሳቱ ባለቤት

በጆሃንስበርግ ከተማ እምብርት፥ በማዘጋጃ ቤቱ መዝገብ ራሒማ ሙሳ ተብሎ የተሰየመው፥ እኛ ኢትዮጵያውያን ግን የቀድሞ ስሙን ሳንለቅ ጄፒ እያልን የምንጠራው መንገድ፥ በሥራ ቀን ብርድ ልብስና መጋረጃ የተሸከመ ሰው እየተጋፋ የሚያልፍበት ሲሆን፥ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ግን የመደብሮቹ የብረት መዝጊያ ግማሽ በግማሽ ወርዶ፥ ከየፎቁ የዕጣንና የቡና ሽታ ይወርዳል። ከእነዚህ መደብሮች በአንዱ፥ በመጋረጃ ጥቅሎች መካከል በተቀመጠ ረከቦት ዙሪያ፥ ሦስት ሰዎች ሲነጋገሩ እኔ አራተኛ ሆኜ በዝምታ ተቀምጬ ነበርና፥ የሰማሁትን ለማስፈር ሞክሬአለሁ። ሽማግሌው በወጣትነታቸው በአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ያገለገሉ፥ ዛሬ ጋዜጣ በማንበብ የሚውሉ ሰው ናቸው፤ ወጣቲቱ በዊትዋተርስራንድ ዩኒቨርሲቲ የኬሚካል ምህንድስና ትምህርቷን በቅርቡ የፈጸመች ናት፤ ሦስተኛዋ የመደብሩ ባለቤት፥ የወጣቲቱ እናት ናቸው። ዓመቶቹ ሁሉ፥ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፥ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተነገሩ ናቸው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፥ ቡናው ሳይቀዳ አንድ ነገር ላማክርዎ። ከሳንድተን ሁለት የሥራ ደብዳቤ ደርሶኛል፤ አንደኛው ድርሻው በአክሲዮን ገበያ ከሚሸጥ የነዳጅና የጋዝ ኩባንያ፥ ሁለተኛው ከመንግሥት ቤት ነው። ስማቸውን ግን አልጠራም፤ ፊርማዬን ሳላኖር በጄፒ አፍ እንዳይገቡ እፈራለሁ።

እናት፦ ከእኔ ከእናትሽ ደበቅሽ እንጂ ከጄፒማ ምን ይደበቃል!

ሽማግሌው፦ ስማቸው ይቆይ፤ ጠባያቸውን ማወቅ ይበቃናል። ለመሆኑ ከሁለቱ የሕዝብ የሚባለው የትኛው ነው?

መሐንዲሷ፦ እንቆቅልሹስ እሱ አይደል! ሁለቱም ራሳቸውን ፐብሊክ ይላሉ። የገበያው ሰው ፐብሊክ ሲል ገንዘብ ያለው ሁሉ ድርሻ ሊገዛበት የሚችል ማለቱ ነው፤ የሚኒስቴሩ ሰው ሲል ደግሞ ማንም ድርሻ ሊገዛበት የማይችል፥ የመንግሥት ብቻ የሆነ ማለቱ ነው። አንድ ቃል ለሁለት ተቃራኒ ነገር ስም ሆኖ ሲያገለግል አየሁ።

ሽማግሌው፦ የእኛም ቃል ከዚህ አይሻልም። በደርግ ዘመን ፋብሪካው የሕዝብ፥ እርሻው የሕዝብ፥ ፎቁም የሕዝብ ነበረ፤ ሆኖም ከሕዝቡ ወገን አንድ ሰው ንብረቱን ለመጎብኘት ወደ በሩ ቢጠጋ ዘበኛው መታወቂያ ይጠይቀው ነበር። ስለዚህ እኔ ኩባንያን ስሙን አይቼ አልፈርድም፤ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። ሲከስር የሚከፍለው ማን ነው? እሳቱስ በርቷል ወይ?

መሐንዲሷ፦ የመጀመሪያው ገባኝ፤ ሁለተኛው ግን ምን ማለት ነው?

ሽማግሌው፦ እመጣበታለሁ። አስቀድመን የዚህን አገር ነገር ከሥሩ እንይ። ወርቁን፥ አልማዙንና የድንጋይ ከሰሉን አትረፍርፎ የሰጣት አምላክ ድፍድፍ ዘይት ስለ ነፈጋት፥ የደቡብ አፍሪካ መንግሥት በ1950 ሳሶል የተባለውን ኩባንያ አቋቁሞ፥ ፍራንዝ ፊሸርና ሃንስ ትሮፕሽ የተባሉ የጀርመን ሊቃውንት በ1920ዎቹ ባገኙት ጥበብ፥ ከሰሉን ወደ ጋዝ፥ ጋዙንም ወደ ቤንዚን የሚለውጥ ፋብሪካ ከዚህ ከተማ በስተ ደቡብ ተከለ። በ1955 ከከሰል የተገኘው የመጀመሪያው ነዳጅ ወጣ፤ በዙሪያውም ሳሶልበርግ የተባለ ከተማ በቀለ። ያን ጊዜ በዚያ የተቀጠረ ሰው የመንግሥት አገልጋይ ነበረ። በ1973 ዓረቦች ዘይት ከከለከሉ ወዲህ በሴኩንዳ ሁለተኛው ፋብሪካ ታቀደ፤ በ1979 የኢራኑ ሻህ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፥ ለዚህ አገር ዋነኛው የዘይት ምንጭ የእርሳቸው አገር ነበረና፥ ሦስተኛው ተከተለ። ይህን ሁሉ ለመሥራት ብዙ ንዋይ ስላስፈለገ፥ በዚያው በ1979 ኩባንያው በጆሃንስበርግ አክሲዮን ገበያ ተመዝግቦ ድርሻው ለሽያጭ ቀረበ። እንግዲህ ያው መሐንዲስ፥ በዚያው ወንበር ተቀምጦ ያንኑ ቧንቧ እየጠበቀ፥ ማታ የመንግሥት ሆኖ ተኝቶ ጧት የግል ሆኖ ተነሣ ማለት ነው።

መሐንዲሷ፦ ወንበሩ ባይለወጥም ጥያቄው ተለውጧል። መንግሥት ጌታ ሲሆን «ነዳጅ አለን ወይ?» ይላል፤ ባለድርሻ ጌታ ሲሆን «ትርፍ አለን ወይ?» ይላል። ለመሐንዲስ በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትንሽ አይደለም።

ሽማግሌው፦ ደግ ብለሻል፤ ግን በ1979 ጥያቄው ሙሉ በሙሉ አልተለወጠም። የአንድ ሰው ታሪክ ልንገርሽ፤ በ2006 በሲኒማ ስለ ታየ ምናልባት ሰምተሽ ይሆናል። ፓትሪክ ቻሙሶ ይባላል፤ በሴኩንዳው ፋብሪካ ውስጥ ፎርማን ነበረ፤ በፖለቲካ ነገር እጁን አያገባም ነበር ይባላል። ኩባንያው ወደ ገበያ ከወጣ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው፥ በ1980 ጁን 1 ሌሊት፥ አፓርታይድን በመሣሪያ ይታገሉ የነበሩት የኡምኮንቶ ዌ ሲዝዌ ተዋጊዎች ሳሶልበርግንና ሴኩንዳን በፈንጂ መቱ። ፖሊስ ቻሙሶን ጠርጥሮ ያዘው፥ ያላደረገውንም አድርገሃል እያለ አሠቃየው። ሲለቁት ወደ ሞዛምቢክ ተሻገረ፥ ከተዋጊዎቹም ጋር ተቀላቀለ፤ በ1981 ተመልሶ የቀድሞ እንጀራውን የጋገረበትን ያንኑ ፋብሪካ በፈንጂ መታው፥ ተይዞም 24 ዓመት ተፈርዶበት ሮበን ደሴት ወረደ። ይህ ሰው፥ በወረቀት፥ የግል ኩባንያ ሠራተኛ ነበረ። ነገር ግን የጠረጠረው የመንግሥት ፖሊስ፥ ያሠረው የመንግሥት ወህኒ፥ የመታውም ስፍራ መንግሥት እንደ ዓይኑ ብሌን የሚያየው ነበረ። በዚያው በ1980 የወጣውም ሕግ፥ የአገር ቁልፍ ስፍራ የተባለውን ሁሉ፥ ንብረቱ የግለሰብ ቢሆን እንኳ፥ ባለቤቱ በራሱ ወጪ እንዲያስጠብቅ አስገደደ። ወርቅ አንጥረኛ ሱቁን ቢሸጥ ገዢው ጌታ ይሆናል፤ ነዳጅ ግን ቢሸጥም መንግሥት ከበሩ ሥር አይርቅም።

እናት፦ ጋሼ፥ የልጅ ሥራ ሲያማክሩ ፈንጂ ውስጥ ገቡ እኮ! ዛሬስ የማን ነው? ባለቤቱን ንገሩኝ።

መሐንዲሷ፦ የዛሬው ከዚያ ይበልጥ ያስቃል፥ እማዬ። ሳሶል በስሙ የግል ነው፤ ድርሻው በዚህ ከተማም በኒው ዮርክም ይሸጣል። ከባለድርሻዎቹ አውራው ግን የመንግሥት ሠራተኞችን የጡረታ ገንዘብ የሚያስተዳድረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው፤ የመንግሥት የኢንዱስትሪ ልማት ኮርፖሬሽንም ድርሻ አለው። በወር መጨረሻ ከአንቺ መጋረጃ የምትገዛው የሶዌቶ መምህርት፥ ሳታውቀው፥ የሴኩንዳ ጭስ ማውጫ ጥቂት ጡብ የእርሷ ነው።

እናት፦ ታዲያ እርሷ ቅናሽ ስትጠይቀኝ ድሃ ነኝ ትለኛለች!

ሽማግሌው፦ ከዚህ ከሚያስቀው ወደሚያስለቅሰው እንሻገር፤ ወደ ኪሳራው። ሁለት ታላላቅ ስሕተቶች አሉ፥ አንዱ የገበያው ቤት፥ አንዱ የመንግሥቱ ቤት። ሳሶል በአሜሪካ፥ ሉዊዚያና ግዛት፥ ሌክ ቻርልስ በተባለ ስፍራ የኬሚካል ፋብሪካ ለመሥራት በ8.9 ቢሊዮን ዶላር ጀምሮ ወጪው ወደ 13 ቢሊዮን ሲጠጋ፥ በ2019 ሁለቱ ጥምር ዋና ሥራ አስኪያጆች ከመንበራቸው ወረዱ፤ በሚቀጥለው ዓመት የዓለም ዘይት ዋጋ ሲወድቅ የድርሻውም ዋጋ አብሮ ተሰበረ፥ የሠራተኛ ቅነሳም ተከተለ። የመንግሥቱ ፔትሮኤስኤ ደግሞ፥ በ2002 ሞስጋስና ሶኮር የተባሉ ኩባንያዎችን በማዋሐድ የተቋቋመው፥ ሞሰል ቤይ ላይ ላለው ፋብሪካው ጋዝ ፍለጋ ኢክዌዚ በተባለ ፕሮጀክት ባሕሩን ቆፍሮ የተመኘውን ያህል ስላላገኘ፥ ከ14 ቢሊዮን ራንድ በላይ ኪሳራ በመዝገቡ አሰፈረ። የሚያስገርመው ስሕተቱ አይደለም፤ የባሕር ወለል መቆፈር ባሕርዩ ዕጣ እንደ መጣል ነው፥ ሁልጊዜ አይሰምርም። የሚያስገርመው ከስሕተቱ በኋላ ያለው ነው። የገበያው ቤት ኪሳራውን በአንድ ዓመት ውስጥ በአለቃም በምንዝርም ላይ አወረደው፤ የመንግሥቱ ቤት ኪሳራውን እንደ ዝናብ ውኃ በግብር ከፋዩ ሁሉ ላይ አሰረገው፥ ስለዚህ ማንም ልብሱ እንደ ራሰ አላወቀም።

መሐንዲሷ፦ ከሁለቱ የቱ ይሻላል ሊሉኝ ነው?

ሽማግሌው፦ ለአገር የትኛው እንደሚሻል ሌላ ቀን እንከራከራለን። ለአንቺ ግን ይህን እላለሁ፤ በገበያው ቤት ስሕተቱ ያንቺ ባይሆንም እንኳ ቅጣቱ ሊደርስሽ ይችላል፤ በመንግሥቱ ቤት ስሕተቱ ያንቺ ቢሆንም እንኳ ላይደርስሽ ይችላል። ሁለተኛው ለሆድ ይመቻል፤ ለእጅ ግን መርዝ ነው።

መሐንዲሷ፦ ጋሼ፥ ይቅርታ ያድርጉልኝና የመንግሥቱን ቤት ሠራተኛ ሁሉ በአንድ ጅራፍ ገረፉት። በዲሴምበር 2015 ከአገሪቱ የመጠባበቂያ ዘይት 10 ሚሊዮን በርሜል ዋጋው በወደቀበት ሰዓት ሲሸጥ፥ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ደርሶ ሽያጩ በ2020 የተሻረው በዚያው በመንግሥቱ ወገን ባሉ ሰዎች አመልካችነት ነው። መዝገብ የጠበቀ፥ ወረቀቱን ያልቀደደ ሠራተኛ ባይኖር ዳኛው ምን አይቶ ይፈርድ ነበር?

ሽማግሌው፦ ተቀበልሁ። እንደ ገረፍሁ ይቈጠርልኝና ጅራፉን ላስቀምጥ።

እናት፦ (ቡናውን እየቀዱ) ሁለተኛው ጥያቄ ቀርቷል፤ እሳቱ።

ሽማግሌው፦ አዎን፥ እሳቱ። የአሰብን ማጣሪያ ሶቪየቶች ሠርተውት በ1967 ሥራ ሲጀምር እኔ ሃያ ዓመት ያልሞላኝ ልጅ ነበርሁ። ከደጋ ወርጄ በዚያ ሐሩር መጀመሪያ ያየሁት፥ ትርፉ ጋዝ የሚቃጠልበት ረጅሙ ችቦ ነው። በሌሊት ከባሕር ዳር ሆነሽ ስታይው የደመራ እሳት ይመስላል፤ ልዩነቱ ደመራ በአንድ ሌሊት አመድ ሲሆን፥ ያኛው ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም። አስተማሪዬ አንድ የሩስያ ሰው ነበር፤ አማርኛ አያውቅም፥ እኔም ሩስኛ አላውቅም፤ በእጁ ቧንቧውን ይዳስሳል፥ እጄን ይዞ ያስዳስሰኛል፤ ሙቀቱ ሲጨምር፥ ንዝረቱ ሲለወጥ፥ ድምፁ ሲወፍር፥ ጆሮዬና መዳፌ ከመሣሪያው መርፌ ቀድመው እስኪያውቁ ድረስ። ሙያ የሚባለው ያ ነው፤ ከሚሠራ ፋብሪካ በቀር ከየትም አይቀዳም። ኤርትራ በ1993 ነፃ አገር ሆነች፤ በ1997 ድፍድፉን ከማጣራት የተጣራውን መግዛት ይረክሳል ተባለና ማጣሪያው ቆመ። ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል፤ አልከራከርም። ነገር ግን እሳቱ በጠፋበት ቀን የስንት ሰው መዳፍ አብሮ እንደ ደነዘዘ በየትኛውም ሒሳብ ውስጥ አልገባም። አሁን ወደ ሞሰል ቤይ ተመለሺ፤ ያ ፋብሪካ ጋዝ አጥቶ በ2020 ቆመ፤ ሠራተኛው ግን በቅጽበት አልተበተነም። ደመወዝ እያለ እሳት የሌለበት ቤት ለወጣት መሐንዲስ ምን ያስተምረዋል? ስብሰባ።

መሐንዲሷ፦ እሳቱ በርቷል ማለት ጢሱም አለ ማለት ነው፥ ጋሼ። ሴኩንዳ በቀን 150 ሺህ በርሜል ያህል ነዳጅ ያወጣል፤ ከአንድ ስፍራ ከሚወጣው የካርቦን ጢስ በዓለም ካሉት ታላላቆች መካከል ስሙ ሁልጊዜ ይጠራል። የእኔ ዘመን መሐንዲስ እሳት የማብራት ብቻ ሳይሆን የማጥፋት ጥበብም ይጠየቃል፤ ያለ ጩኸት፥ ሰው ሳይራብ ማጥፋት። ደግሞ ሌላ አለ። በ2004 የተዘረጋው ቧንቧ ከሞዛምቢክ፥ ከፓንዴና ከቴማኔ፥ 865 ኪሎ ሜትር ተጉዞ ጋዝ ያመጣል፤ ጉድጓዶቹ እየደከሙ ስለ ሆነ ሳሶል ለፋብሪካ ደንበኞቹ ማቅረቡን በጥቂት ዓመት ውስጥ እንደሚያቆም አስታውቋል። በዚህ ከተማ ዳቦ ቤት አለ፥ ጠርሙስ የሚያቀልጥ አለ። ባለድርሻው «ይብቃኝ» የማለት መብት አለው፤ ሌላ ጋዝ ከየት ይምጣ ብሎ ማሰብ ግን የመንግሥት ዕዳ ነው። እኔ ያማረኝ ያ ዕዳ ነው። መርከቡን፥ ማከማቻውን፥ አዲሱን ቧንቧ ከወረቀት የሚጀምር ሰው ይፈለጋል።

ሽማግሌው፦ ከወረቀት መጀመር መልካም ነው፤ በወረቀት እንዳይቀር እንጂ።

መሐንዲሷ፦ ጨዋታ አይደለም። ደርባን ላይ ያለው ሳፕሬፍ፥ የሼልና የቢፒ የነበረው፥ ከአገሪቱ ማጣሪያዎች በመጠኑ ቀዳሚ የነበረው፥ በ2022 ሥራ አቆመ፤ በኤፕሪል የጎርፍ ውኃ ገባበት፤ በ2024 መንግሥት ገዛው። በስንት ይመስልዎታል? በአንድ ራንድ።

እናት፦ በአንድ ራንድ? እኔ በአንድ ራንድ የካልሲ አንዱን እግር እንኳ አልሸጥም!

ሽማግሌው፦ የአንድ ራንድ ዕቃ የሚገዛ ሰው ዋጋውን የሚከፍለው ቤቱ ካስገባው በኋላ ነው፥ እኅቴ። የባሕር ዳር ማጣሪያ አፈሩ ራሱ ዘይት ጠጥቶ ይኖራል፤ እሱን ማጠብ ብቻ የንጉሥ ቤዛ ይፈጃል።

እናት፦ እኔ ግን እንዲህ አስባለሁ። አገር ቤትስ? በ2018 ዓ.ም. መስከረም ኦጋዴን፥ ካሉብ ላይ፥ ጋዙ ተመረቀ ተብሎ ቴሌቪዥኑ ሲያሳይ አልቅሻለሁ። ልጄ ወደዚያ ብትሄድስ?

ሽማግሌው፦ ያልቀመሰው የለም፥ ያን ምድር። ጃንሆይ በ1945 ለአሜሪካው ሲንክሌር ፈቀዱ፤ በ1970ዎቹ ቴኔኮ ካሉብ ላይ ጋዙን አገኘ፤ ከዚያ ሶቪየቶች ቆፈሩ፤ ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ መጥቶ በ2010 ሄደ፤ ከዚያ ቻይኖች። የባለቤትነት ነገር ከተነሣማ ፔትሮናስን ተመልከቺ፤ በአገሩ የመንግሥት ነው፥ እኛ ዘንድ ሲመጣ የውጭ ባለሀብት ተባለ፤ እዚህ ደግሞ ማደያውን በየመንገዱ የምታዪውን ኤንጀንን ለብዙ ዓመት ይዞ ኖረ፥ በ2024 ቪቮ ለተባለ ኩባንያ አስረከበ። የቪቮ ባለቤት ቪቶል ደግሞ በገበያም የለ፥ በመንግሥትም የለ፤ የራሱ ሠራተኞች ናቸው ባለቤቶቹ። ሦስተኛ መንገድ አለ ማለት ነው፥ ግን በዚያ በር የሚገባው ነጋዴ ነው፥ ቧንቧ ዳሳሽ አይደለም። (ጥቂት ዝም ብለው) ስለ ኦጋዴን ግን ይህንም አስቢ። በ2007 ኤፕሪል አቦሌ ላይ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ይቆፍርበት የነበረው ካምፕ ሲጠቃ 65 ኢትዮጵያውያንና 9 ቻይናውያን ሞቱ። ከእነዚያ የእኛ ልጆች ለኩባንያው ያደሩት የመንግሥት ሠራተኞች ነበሩ፤ መንግሥቱ ግን የእነርሱ አልነበረም።

እናት፦ ነፍሳቸውን ይማር።

ሁሉም ዝም አሉ። ከታች ከመንገዱ የሚኒባስ ጥሩንባ ተሰማ። እናትየዋ ሦስተኛውን ጀበና ከከሰሉ ላይ አነሡ።

እናት፦ እሺ፥ የአገሩን ሁሉ አወራችሁ። ወረቀቷስ? ቆዳዋ ጥቁር ነው፤ ለጥቁር ቅድሚያ ይሰጣል እያሉ ይናገራሉ።

መሐንዲሷ፦ እማዬ፥ በዚህ አገር የሥራ እኩልነት ሕግ ፊት እኔ ጥቁር አይደለሁም። ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው በመወለድ ወይም በዘር ዜጋ ለሆነ፥ ወይም ከኤፕሪል 27 ቀን 1994 በፊት ዜግነት ላገኘ ነው፤ ከዚያ በኋላ ለተቀበለ ሰው የሚተርፈው፥ አፓርታይድ ባይከለክለው ኖሮ ቀድሞ ያገኘው የነበረ እንደ ሆነ ብቻ ነው። እኛ የመጣነው መች ነው? ስለዚህ አሠሪው ለሪፖርቱ ሲቈጥር እኔን ከባዕዳን ጋር ይቈጥረኛል። የገበያውም ቤት፥ የመንግሥቱም ቤት ያንኑ ሪፖርት ይልካል፤ የመንግሥቱ ቤት ግን ከፖለቲከኛ ፊት ቁሞ ለምን ባዕድ ቀጠርህ ተብሎ ይጠየቃል። ደብዳቤውን የላኩልኝ ኬሚካል መሐንዲስ በተፈላጊ ሙያዎች ዝርዝር ውስጥ ስላለ ነው፤ ዝርዝሩ ሲለወጥ እኔም እለወጣለሁ።

ሽማግሌው፦ ከሁላችንም ንግግር ትልቁ ነገር ይህ ነበረና በመጨረሻ አመጣሽው።

መሐንዲሷ፦ በመጨረሻ ያመጣሁት በእሱ መወሰን ስለማልፈልግ ነው። በፍርሃት የመረጥሁትን ሥራ በፍርሃት እሠራዋለሁ።

እናት፦ ታዲያ በምን ትወስኛለሽ?

መሐንዲሷ፦ ገና ሁለት ሳምንት አለኝ። አስቀድሜ ሴኩንዳን ከአጥሩ ውጭም ቢሆን በዓይኔ አየዋለሁ። በመጽሐፍ አምስት ዓመት ያጠናሁትን ነገር አንድ ቀን እንኳ ቀርቤ አላየሁትም።

ሽማግሌው፦ ከዚህ ስንት ይርቃል?

መሐንዲሷ፦ ወደ 130 ኪሎ ሜትር ነው።

ሽማግሌው፦ ችቦ አለው? ማለቴ፥ በሌሊት ይታያል?

መሐንዲሷ፦ ከሩቅ ይታያል ይላሉ።

ሽማግሌው ሲኒያቸውን ሳይጨርሱ አስቀመጡ፤ መዳፋቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንሥተው አገላብጠው ተመለከቱት።

ሽማግሌው፦ እንግዲያስ ቀን አትሂጂ። ማታ እንሂድ፤ እኔም እመጣለሁ።